የማያመው እግር

አንዲት ወጌሻ ለዓመታት መልስ ያጣችለት ጥያቄ ነበራት፤ “አሽቼ የሸኘኋቸው ሰዎች ለምን ያንኑ ሕመም ይዘው ይመለሳሉ?” ስሟ ደብሪቱ ነው። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነበር። ጥያቄውን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የከተማው ሰው የታካሚዎቿን መመላለስ እንደ ክብሯ ይቆጥረው ነበርና።

በዚያች ከተማ የወጌሻ ችሎታ የሚለካው በታካሚው ጩኸት ነው። ተራውን የሚጠብቀው ሰው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ቤቱ ይጥላል። ከውስጥ “ኧረ በማርያም!” የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ “አሁን አገኘችው” ይባባላል። ጸጥ ካለ ወጌሻዋ ትታማለች። ስለዚህ ደብሪቱ የሚያመውን ቦታ ፈልጋ እዚያው ላይ መጫን ለምዳ ነበር።

አንድ ቀን ሸማኔው አያ ቸኮል ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ገባ። ትከሻውን ደጋግማ አሽታለታለች። በታሸ ቁጥር ይጮኻል፣ ቀለል ይለዋል፣ ሰንብቶ ይመለሳል። አሁን ግን መወርወሪያውን መወርወር ጭራሽ አቅቶታል።

“ደብሬ፣ ዛሬም ካልተሻለኝ የሽመና ዕቃዬን ነቅዬ ለሌላ መስጠቴ ነው” አላት። “በዚህ ዕድሜዬ ምን ሌላ ሙያ እማራለሁ?”

መዳፏን ቅቤ ቀብታ ወደ ትከሻው ስትዘረጋ፣ ገና ሳትነካው የጋቢውን ጫፍ ጥርሱ ውስጥ አስገባ። ደነገጠችና እጇን ሰበሰበች።

“እስቲ አያ ቸኮል፣ እንደምትሸምን ሆነህ አሳየኝ።”

“ምነው፣ ሽመና አማረሽ?” እያለ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መርገጫ እንደሚረግጥ እግሮቹን ያፈራርቅ ጀመር። ደብሪቱ ከእግሩ ጀምራ እስከ ትከሻው አየችው። የግራ ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም። እግሩ ያልሠራውን ዳሌው ይገፋል፤ ዳሌው ሲጣመም ጀርባው ይከተላል፤ በመጨረሻ ቀኝ ትከሻው ይሳባል።

“ይሄ እግርህ ምን ሆኖ ነበር?”

“እሱማ ድሮ በቅሎ ጥላኝ ዞሮብኝ ነው። አሁን እኮ አያመኝም።”

“ስለማያምህ ነዋ እስከዛሬ ያልጠየቅሁህ” አለችና ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጇ ያዘች።

“አይ ደብሬ! ትከሻዬን ብዬ መጥቼ እግሬን? ነገ ራሴን ሲያመኝ ተረከዜን ልትይዢ ነው?”

ሳትጫን፣ የደረቀው መገጣጠሚያ እስኪላላ እየጠበቀች ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰችው። ከውጭ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ “ምነው ጸጥ አሉ፣ ተኙ እንዴ?” ሌላው ተቀበላት፤ “አባቷ ቢሆን ይሄኔ ሰፈሩን ያስነሣው ነበር!”

ደብሪቱ ፊቷ ጋለ። ትከሻውን አንድ ጊዜ ብትጫነው ሸማኔው ይጮኽ ነበር፣ ግቢውም ደስ ይለው ነበር። አውራ ጣቷ ወደዚያ ሄዶም ነበር። ሰውየው እንደገና ጋቢውን ነከሰ። እጇን ወደ እግሩ መለሰች።

አያ ቸኮል ሲወጣ እጁ ገና ከደረቱ በላይ አልተነሣለትም። ይህን ያዩ ተራ ጠባቂዎች ጋቢያቸውን እያራገፉ ወደ ሌላ ወጌሻ ሄዱ። እሷ ግን ሸማኔው ቤት እየተመላለሰች እግሩን አፍታታች፤ መርገጫውንም ለእግሩ እንዲስማማ አስደረገች። እግሩ ሲታጠፍ ዳሌው ተቃና፤ በዚህ ጊዜ ማንም ያልተጫነው ትከሻውም እያደር ላላለት። የቀረውን ሰውነቱ ራሱ ጨረሰው።

ግቢው ግን ገና አልሞላም። በገበያ ቀን አንዲት እናት ወገቧን ይዛ ገባችና፣ “እዚህ ጋ ነው ልጄ፣ ጠበቅ አድርገሽ እሺው” አለቻት።

ደብሪቱ ከዚህ በኋላ ለጩኸት ብላ ማንንም ላለመጫን ወስና ነበር፤ ግቢው ባዶ ቢቀርም።

“እሺ እማማ” አለች። “መጀመሪያ ግን ውኃ ሲሸከሙ እንዴት እንደሚነሡ ያሳዩኝ።”

በየቤታችንም ሆነ በየሥራችን የሚያማርር ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ሌላው ዝም ብሎ የተወውን ሥራ ደርቦ የሚሠራ ነው። እኛ እሱን ዝም ለማሰኘት ከመጫናችን በፊት፣ የማን ሸክም እንዳረፈበት ጠይቀን እናውቃለን?