ጋሽ ሰጥአርጌ ለቁማር ቤቱ የተቀመጡት ሐዘን

አንድ ቀን ጋሽ ሰጥአርጌ የሚባሉ የወልድያ አናጺ በስልካቸው ሲቆምሩ ቀናቸውና ጠቀም ያለ ብር በሉ። ቁማር ቤቱ እስከዚያች ቀን ድረስ ገንዘባቸውን ሲበላ ማን ነህ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። ባሸነፉ ማግስት ግን «ማንነትዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ላከ። ጋሽ ሰጥአርጌም የቀበሌ መታወቂያቸውንና የገዛ ፊታቸውን በስልክ አንስተው ላኩ። መልሱ አልዘገየም፤ «ፊትዎ ከመታወቂያው ጋር አይመሳሰልም» ይላል።

እውነት ለመናገር አይመሳሰልም። መታወቂያው የወጣው አባታቸው በሞቱ ሰሞን ስለሆነ ፎቶው ላይ የሚታየው የሐዘን ጺም ነው፤ ሰውየው ከኋላው አለ ብሎ ማመን ነው እንጂ። በደህናው ቀን ግን ጋሽ ሰጥአርጌ ጺም የሚባል ፊታቸው ላይ አያሳድሩም። ነገሩ እንዲህ ያስቃል፤ እሳቸውን ግን አላሳቃቸውም። ክረምቱ ደርሷል፣ የቤታቸው ቆርቆሮ ወንፊት ሆኗል፣ ብሩ ካልወጣ ዝናቡ የሚወርደው አልጋቸው ላይ ነው።

ተነሥተው ቁማር ቤቱ ከተማው ውስጥ ወደከፈተው ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው ሮቤል የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ነው።

«ልጄ፣ ይኼን ፎቶ የተነሣሁት በአባቴ ሐዘን ነው። ሰጥአርጌ እኔ ነኝ» አሉት።

«በቃል አይሆንም ጋሼ። ሲስተሙ አይቀበልም። ጺምዎን ያሳድጉና ፎቶውን ሲመስሉ ይምጡ።»

«በእኛ አገር እኮ ጺም የሚያድገው ሰው ሲሞት ነው። ማን ሞተ ልበል?»

«እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው። የፈለጉትን ይበሉ።»

ጋሽ ሰጥአርጌ ከልባቸው አመስግነውት ወጡ።

ሰንበትበት ብለው፣ ጺማቸው አደግ ሲል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡና የቢሮው በር ላይ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። የወልድያ ሰው ደግሞ ሐዘንተኛ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሽ ሰጥአርጌ፤ ማን አረፈብዎ?»

«የኔ ሰው እንኳ አይደለም። ለዚህ ቤት ነው።»

«እንዴ፣ ቤቱ ምን ሆነ?»

«እኔ ምኑን አውቄው። ያሸነፍኩትን ክፈሉኝ ብላቸው ጺምህን አሳድግ አሉኝ።»

ጠያቂው ከዚህ በላይ አያስነግራቸውም። ቀስ ብሎ ስልኩን ያወጣና ቁማር ቤቱ ጋ የቀረችውን ብሩን ወጪ ያደርጋል። ከዚያ ለጎረቤቱ ይደውላል፤ ጎረቤቱም የራሱን ያወጣል። ረፋዱ ላይ በሩ ፊት ለፊት ሰው ሞላ፤ ከቢሮው ጎን ያለው ሱቅ ባለቤት ለለቀስተኛው አግዳሚ ወንበር አወጣች፤ አንዱ ደግ ሰው ድንኳን ይተከል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ይኼኔ ሮቤል ከረባቱን አላልቶ እየሮጠ ወጣ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉን ነው? ድርጅታችን እኮ አልሞተም! ደህና ነው፣ በሕይወት አለ።»

ጋሽ ሰጥአርጌ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ እኔም ሰጥአርጌ ነኝ ብልህ በቃል አይሆንም አልከኝ። ይኼም በቃል አይሆንም፤ ይክፈልና በሕይወት መኖሩ ይረጋገጥ።»

ብሩ ሰዉ ከወንበሩ ሳይነሣ ገባላቸው፤ እሳቸውም እዚያው ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት ገብተው ተላጩና ለቀስተኛውን አሰናበቱ።