ባለቤት የለውም የተባለው ካፖርት

ካፖርቱን አቃጠሉት። በቀን ብርሃን፣ ሦስት ሰው ቆሞ እያየ፣ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ባለው ጉድጓድ ውስጥ አቃጠሉት።

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ልብስ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ጓጉንቸር በሚሟገትበት፣ እሳት ሰምቶ መልስ በሚሰጥበት ዘመን ነው። እኔ ዘመኑ ሩቅ ነው እላለሁ። እናንተ ቅርብ ነው ብትሉ አልከራከርም።

በአንድ ደጋ ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ብርዱን አልተርክላችሁም። የቀመሰው ያውቀዋል፤ ያልቀመሰው በወሬ አይገባውም። በተማሪዎቹ ማደሪያ፣ በእያንዳንዱ ክፍል በር ጀርባ አንድ ሚስማር ነበር። ተመርቆ የሚሄድ ተማሪ የሚሞቀውን ልብሱን አጥቦ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። በዓመቱ የሚመጣው አዲስ ተማሪ ከሚስማሩ አውርዶ ይለብሳል። ሰጪው አይታወቅም፤ ተቀባዩም አያመሰግንም። ማንም ማንንም አያሳፍርም። ደንቡ ይኸው ነበር።

ካፖርቱ በዚህ ደንብ አራት ጌታ አይቷል። ክርኑ ሁለቴ ተጥፏል። ከአዝራሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ቢሆንም ይሞቃል። ካፖርት ሌላ ሥራ የለውም።

አንድ ቀን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ መንበሩ ማደሪያውን ሊጎበኙ መጡ። በር ከፈቱ፤ ሚስማር አዩ። ሌላ በር ከፈቱ፤ ሌላ ሚስማር አዩ። ሦስተኛውን ሲከፍቱ ካፖርቱ ፊታቸው ላይ ተወዛወዘ።

«ይሄ ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የሰልባጅ ተራ? እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?» አሉ።

ልብሱ ሁሉ ወረደ። ሚስማሩም ተነቀለ። ልብሱ በጆንያ ታጭቆ መጋዘን ገባ፤ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። መዝገቡ ላይ «ባለቤት የሌለው ንብረት» ተብሎ ተጻፈ።

ከአንዱ ጆንያ አፍ ላይ ሦስት ልብሶች ጎን ለጎን ወጥተው ተጋደሙ። አንዱ ካፖርቱ ነው። ሁለተኛው ጥቁር ሱፍ ነው፤ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም። ሦስተኛው ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ፣ ሻካራ፣ አንገት የሚኮሰኩስ ሹራብ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ትንሽ ፈንጠር በል። አቧራህ ይነካኛል» አለ ሱፉ።

«ለመሆኑ ስንቴ ተለብሰሃል?» አለው ካፖርቱ።

«አንዴ። በምረቃ ቀን። አርባ ፎቶ ተነስቻለሁ!»

«እኔ አንድም ፎቶ የለኝም። አራት ተማሪ ግን አስመርቄአለሁ። አንዱ ሐኪም ሆነ። አንዱ መምህር ሆነ። አንዱ መንገድ ይሠራል። አራተኛው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዝምተኛ ነበር።»

ሹራቡ ምንም አላለም። የሚወደው ሰው ስላልነበረ መናገርም አልለመደም።

በዚህ መሃል አይጥ በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። እሷ ውጭ ውላ ወሬ ሳትይዝ አትመለስም።

«አዲሶቹ ተማሪዎች መጡ!» አለች። «ከጋምቤላ የመጡ አራት ናቸው። አንዱ ኡጁሉ ይባላል። አንተ ካፖርቱ ተሰቅለህ በነበርክበት ክፍል ነው ያስገቡት። ያለችው አንድ ሸሚዝ ናት። ጠዋት ሁለቱን እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ነው ክፍል የሚሄደው። መጻፍ ሲጀምር ጣቱ አይታጠፍለትም።»

«ጓደኞቹስ?» አለ ካፖርቱ።

«እነሱም ያው ናቸው። ትናንት ኡጁሉ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ሲያየው ነበር።»

«ሻንጣ ምኑ ይታያል?»

«ልሂድ ወይስ ልቆይ እያለ ነዋ! አንተም አራት አስመርቄአለሁ ትላለህ!»

ካፖርቱ ከጆንያው ላይ ተነሳ። እጅጌውን እየጎተተ ወደ በሩ ሄደ።

«ጋሼ ጓጉንቸር፣ ክፈትልኝ። የሚበርደው ልጅ አለ።»

«እኔ ዝጋ ተብዬ ነው የተሰቀልኩት» አለ ጓጉንቸሩ። «ክፈት ያለኝ የለም።»

«ምንድን ነው የምትጠብቀው?»

«በሩን።»

«ውስጥ ያለነውንስ?»

«እናንተን አላያችሁም። ፊቴ ወደ ውጭ ነው።»

ካፖርቱ ወደ መጋዘኑ ጠረጴዛ ዞረ። መሳቢያው ውስጥ የንብረት ክፍሉ ማኅተም ተቀምጣለች።

«እመቤት ማኅተም፣ አንቺ ያረፍሽበት ወረቀት ይሠራል ይባላል። ይሰጥ በሚለው ላይ አንዴ እረፊልን።»

«ይሰጥ የሚል ወረቀት ቀርቦልኝ አያውቅም» አለች ማኅተሟ። «ይመለስ የሚል አለ። ይወገድ የሚል አለ። በሌለ ወረቀት ላይ አላርፍም።»

ካፖርቱ ተመልሶ ተጋደመ። ሱፉ ሳቀበት። ሹራቡ አልሳቀም።

ማደሪያውን የሚያጸዱት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ኡጁሉን በየጠዋቱ ያዩታል። ሦስት ቀን አይተው ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን መጥረጊያቸውን እንደያዙ አቶ መንበሩ ቢሮ ገቡ።

«አቶ መንበሩ፣ ልጁ በሸሚዝ ነው ያለው። መጋዘን ልብስ ሞልቷል። አንዱን ልስጠው?»

«ባለቤቱ ይፈርምና ይወጣል።»

«ባለቤቱማ ተመርቆ ሄዷል።»

«እንግዲያው አይወጣም።»

«ታዲያ ልብሱ ምን ይሆናል?»

«ይቃጠላል። ደንብ ነው።»

«ሲቃጠልስ ማን ይፈርማል? ባለቤቱ ይመጣል?»

«ኮሚቴ አለ፤ ሦስት ሰው ይፈርማል።»

«ለማቃጠል የሚፈርሙት ሦስት ሰዎች ለመስጠት ቢፈርሙ ምን ይላቸዋል?»

አቶ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብርቄ፣ እንደዚያ የሚል ቅጽ የለም። ሥራሽን ሥሪ።»

እስቲ ፍረዱኝ! ለአንድ ብርዳም ልጅ አንድ ካፖርት ለመስጠት አንድ ፊርማ ጠፋ። ያንኑ ካፖርት አመድ ለማድረግ ሦስት ፊርማ ተሰልፎ ቆሞ ነበር። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ናቸው አልልም። ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

በኅዳር፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ጠዋት፣ ኮሚቴው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ጆንያዎቹ ተዘረገፉ። ጋዝ ተርከፈከፈ። አቶ መንበሩ ሱፉን በሁለት ጣታቸው አነሱት፤ ትከሻቸው ላይ ለካ አደረጉት።

«ይሄ ለማስረጃ ይቀመጥ» አሉና አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

ለዚህ ፊርማ አላስፈለገም።

«አላልኳችሁም? መልክ ያለው ይተርፋል!» አለ ሱፉ ከፌስታሉ ውስጥ።

ክብሪት ተጫረ። እሳት ተነሳ። ካፖርቱ ለሦስተኛ ጊዜ ለመነ።

«እሳት ሆይ፣ አትብላን። የሚፈልገን ሰው አለ።»

«እኔ የሰጡኝን እበላለሁ» አለ እሳት። «ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሸክላ አብስል ቢሉኝ ይገባኛል፤ ጫካ ብላ ቢሉኝ ይገባኛል። የሚሞቅ ነገር አቃጥለህ የበረደው ሰው ይቁም ሲሉኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አፍሬአለሁ። ቢሆንም ጋዙ ይገፋኛል።»

ጭሱን አይተው አራቱ የጋምቤላ ልጆች መጡ። ምን እንደሚቃጠል አላወቁም። ሙቀት አዩና መጡ። እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

«ወግዱ! ጭሱ ይጎዳችኋል!» አሉ አቶ መንበሩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንሙቅ» አለ ኡጁሉ።

ካፖርቱ ድምፁን ሰማ። እጅጌው ላይ እሳት እየወጣ ተናገረ።

«ኡጁሉ የምትባለው አንተ ነህ? ቅረብ ልጄ። አራት ዓመት ላሞቅህ ነበር ያሰብኩት። አሁን ያለኝ ሩብ ሰዓት ነው። እሱን ውሰድ።»

ኡጁሉ አንድ እርምጃ ቀረበ። ካፖርቱ ሩብ ሰዓት አሞቀው። ከዚያ አለቀ።

እሳቱ በመጨረሻ ሹራቡ ላይ ደረሰ። ነከሰው፤ ተፋው። እንደገና ነከሰው፤ እንደገና ተፋው። ሦስተኛ ጊዜ እጅጌውን ብቻ ጥቁር አድርጎ ተወው።

«ጠጉር ጥርሴ ላይ ይጣበቃል፤ ሽታውም አይስማማኝም» አለና እሳቱ ሞተ።

ሹራቡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ሻካራ ነህ እያሉ ሲሰድቡኝ የኖሩት ለካ ለዚህ ኖሯል» አለ።

ኮሚቴው ፈርሞ ሄደ። እትዬ ብርቄ አመዱን ሊጠርጉ መጥተው ሹራቡን አገኙት። አራገፉት፤ ሦስት ውሃ አጠቡት፤ ፀሐይ ላይ አሰጡት። በማግስቱ ኡጁሉ በር ላይ ቆሙ።

«እንካ ልጄ። ትንሽ ይሸታል፤ አንገትህንም ይበላሃል።»

«የማን ነው እትዬ?»

«የማንም አይደለም። ተቃጥሏል ተብሎ ሦስት ሰው ፈርሞበታል። የተቃጠለ ልብስ የሚጠይቅህ የለም። ልበሰው።»

ለበሰው። አቶ መንበሩ ግቢው ውስጥ አይተውት ትኩር አሉ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከአመድ» አለ ኡጁሉ።

አቶ መንበሩ ብዙ አሰቡ። አመድን የሚጠይቅ ቅጽ ፈለጉ፤ አላገኙም። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ የምለው አንድ ነው። የሚበርደው ሰው ደጅ ቆሞ እያለ ልብስ ባለቤት የለውም አይባልም። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ልብስ ለአራቱም ልጆች ይበቃ ነበር፤ ለሌላ አርባም ይበቃ ነበር። ከእሳቱ የወጣው ግን አንድ ነው።

ከጋምቤላ የመጡት አራት ነበሩ። ሦስቱ የገና በዓል ሳይደርስ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። መዝገቡ ላይ «በራሳቸው ፈቃድ» ተብሎ ተጻፈ። ኡጁሉ ብቻ ቀረ።