«እኔ አይደለሁም» ያለው ሰው

አንዲት ሴት የባሏ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ አየች። እንደ ስፌት መኪና መርፌ፣ እኩል እኩል ይመታ ነበር። ሰው ጣቱን ራሱ ሲያንቀሳቅስ እንዲያ አይመታም። ይህን ያስተዋለችው ግን ዘግይታ ነው።

ባሏ ሳህሉ በዲላ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ግራ እጁ ሽባ ሆነ፤ ንግግሩም ይጎተት ጀመር። ከዚያ ወዲህ በቀኝ እጁ ብቻ የከሰል ካውያ ይዞ የሰው ሱሪ ይተኩሳል። ቤቱ በዚያች አንድ እጅ ነበር የሚኖረው።

ሴትየዋ ፈሪ ናት። ልጇ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ቢዘገይ «መኪና ገጭቶታል» የምትል ናት። የሽባው እጅ ጣት ሲንቀሳቀስ ያየች ቀን ግን አልፈራችም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ደግ ደጉን አሰበች። እልል አለች።

«እኔ... አይደለሁም» አለ ሳህሉ፣ ጣቱን እያየ።

ጎረቤታቸው እትዬ አመለወርቅ ሳቁ። «አንተ ካልሆንክ ማን ነው? እኔ ነኝ እንዴ ከዚህ ሆኜ የማንቀሳቅስልህ?»

«እጄ... ራሱ...»

«ራሱ ዳነ። አዎ፣ ዳነ» ብላ ሚስቱ ጨረሰችለት።

ወገኖቼ፣ የሰውን ቃል ከአፉ ወስደን እኛ በምንወደው የምንጨርሰው ስንቴ ነው?

እሑድ ጉባኤ ፊት አቆመችው። «ሞቶ የነበረው እጅ ተንቀሳቀሰ» ብላ መሰከረች። ሁላችንም እልል አልን። ማይክራፎኑን ለእሱ የሰጠው ነበረ? አልነበረም። እኔም እዚያ ነበርኩ።

ሐሙስ ዕለት ካውያውን እንደያዘ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ወደቀ። ካውያው ቀኝ እጁ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ክብሪት ጭሮ ሊያሸትተው ሲሯሯጥ፣ ካውያውን ያነሳ አልነበረም።

ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ሐኪሙ ሚስቱን «ስትሮክ ጭንቅላት ውስጥ ጠባሳ ይተዋል» አላት። «ከዓመታት በኋላም ከዚያ ጠባሳ የሚጥል በሽታ ሊነሳ ይችላል። መድኃኒት አለው። ጣቱ መምታት ሲጀምር ብትመጡ ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ሳህሉን ራሱን ጠየቀው። እስኪጨርስም ጠበቀው። «እጄን እኔ አላንቀሳቀስኩትም» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ፈጀ? አንድ ደቂቃ አይሞላም። ያቺን አንድ ደቂቃ እኛ ነፍገነዋል።

መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ አልወደቀም። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ተኮማትረው ቀሩ። ካውያ አይጨብጡም።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚናገር ማን አለ? ምን ሊላችሁ ጀምሮ ተወው? ማመስገን ክፉ ነው አላልኩም። ግን ምስጋናችን የታመመ ሰው አፍ አይዝጋ።

ያቺ ሴት አሁን ማታ ማታ፣ ሐኪም ቤት መሮጥ ቢያስፈልግ ብላ፣ የቤቱን በር ከመቆለፏ በፊት ባሏ አጠገብ ትቀመጣለች። «ዛሬ ምን ተሰማህ?» ትለዋለች። ንግግሩ ይጎተታል። ልቧ እየመታ ትጠብቃለች።

«ዛሬ... ወጡ... ጨው በዝቶበታል» ይላል።

ይህንንም እስከ መጨረሻው ትሰማለች። እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁ። ዝም በሉ። ይጨርስ። ከዚያ ነው በሩ የሚቆለፈው።