ቤቱ እስኪሞላ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ የቆዳ ነጋዴ። ያደገው ግን በሸማኔ ቤት፣ ከአምስት እህትና ወንድሞቹ ጋር፣ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ነው። ያቺ ጎጆ ከልቡ አልወጣችም። ክረምት ሲገባ ጣራዋ ያፈስስ ነበርና፣ ስድስቱ ልጆች ደረቅ ጥግ ፈልገው ሲጠጋጉ የሳቁት ሳቅ ጎልምሶም ይሰማው ነበር። የራሱ ልጆች እንዲህ ያለ ቤት ሳያውቁ ማደጋቸው ይቆጨው ነበር።

ጎጆዋ አርጅታ በፈረሰች ጊዜ፣ በሰፊው ግቢው ውስጥ እርሷኑ የምትመስል አሠራ። ምሰሶው እንደ ጥንቱ የወይራ፣ በሩ እንደ ጥንቱ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ሆነ። ጭቃ የሚያቦኩትን ሰዎች እንኳ ያስመጣው ከአባቱ መንደር ነው። ሲያልቅ ልጆቹን ይዞ ገባ። ልጆቹ ዞር ዞር ብለው አዩና ወጡ። እርሱም ብቻውን መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ልቡ ግን አልሞቀም።

ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ጎጆዋን አሳያት።

«እትዬ፣ ምን ጎደላት?»

ግድግዳውን ዳሰሰች። ከእንጨቱም ከጭቃውም የጎደለ እንደሌለ ነገረችው። ቀጥላ ምሳውን የት እንደሚበላ ጠየቀችው። ገበያ ላይ፣ ከነጋዴዎች ጋር እንደሆነ ነገራት። ልጆቹስ? እንደ አመጣጣቸው ይበላሉ አላት።

«አባባ ቤቱ ሳይሞላ እንጀራ ቆርሶ ያውቃል?» አለችው። «አንተ ወንዝ ስትዋኝ፣ እኛ ስንት ቀን ተርበን ጠበቅንህ። እናጉረመርም ነበር። እርሱ ግን ‹ልጄ ይምጣ› ብሎ እጁን ይሰበስባል።»

ሰውየው ከወንዝ ሲመለስ በደስታ የሚቀበለውን የአባቱን ፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስታውስ ኖሯል፤ አባቱ ርቦት እንደነበር ግን አንድም ቀን አላሰበም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘጋ። የሚጠብቁትን ነጋዴዎች ነገ እንዲመለሱ ነግሮ ቤቱ ገባና፣ ማንም እንዳይጀምር አዝዞ ማዕዱ ፊት ተቀመጠ። ሁለቱ ልጆች መጡ። ትንሿ ዘገየች። ወጡ ቀዘቀዘ፤ ሚስቱም እርሱ እንኳ እንዲቀምስ ለመነችው፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ልጅቱ ከትምህርት ቤት እየተንቀራፈፈች ደረሰች። ያልተነካውን ማዕድ ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔን ነው የጠበቃችሁት?»

«አንቺን ነው» አላት አባቷ። ቆረሰና የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ገበያ ላይ በልቶ አያውቅም።

ያቺ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። በግቢው የተሠራችው ጎጆ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆናለች። ልጅቱ ስለ አባቷ ቤት ስትጠየቅ ግን ጎጆም አዳራሽም አታነሳም። «ሳልመጣ አይበሉም ነበር» ትላለች።

እንግዲህ አያልነህ ልጄ፣ ‹በኪራይ ቤት እየተንከራተትን ልጆቼ የትኛውን ቤት ብለው ያስታውሳሉ?› ብለህ ጠይቀኸኛል። የአንተም ልጆች እንደዚያች ልጅ ናቸው። ግድግዳው የአከራይህ ነው፤ ልጅህን መጠበቅ ግን የአንተ ነው፤ ይህንን ማንም ልቀቅ አይልህም። አሁን ሂድ። ቤቱ ሞልቶ እንደሆነ እይ፤ አንድ ሰው ከጎደለ፣ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ።