ካባ የለበሰው ማጉያ

በአንድ የአውራጃ ከተማ ምላሱ እንደ ምላጭ የሰላ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ አንዳርጌ ከውጭ አገር ባለ አምፖል የድምፅ ማጉያ አስመጡና በልጃቸው ሠርግ ላይ እንዲያጫውትላቸው አስጠሩት።

ጠጋኙ ገመዱን ሰካ። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ቀሉና ዘፈኑ ዳሱን ሞላው። ፊታውራሪው ግን ያ ሁሉ እንግዳ ባለበት ማጉያው ራቁቱን መቆሙ አሳፈራቸው። ልክ እንደ ራሳቸው ካባ በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ ወፍራም የከፋይ ካባ አሰፍተውለት ስለነበር በእጃቸው አለበሱት። ጥቂት ቆይቶ የሚቃጠል ነገር ሸተተ። ጠጋኙ ሮጦ ካባውን ገፈፈው።

«አንተ! በእንግዶቼ ፊት ዕቃዬን ታራቁታለህ?» ብለው ጮኹ።

«ጌታዬ፣ አምፖሎቹ ሲሠሩ እንደ ፍም ይግላሉ። አየር ካላገኙ ይቃጠላሉ።»

«አልብሰው ብያለሁ! ካላለበስከው ወህኒ ትወርዳለህ። ለብሶ ዘፈኑ ከተቋረጠም ሠርጌን አበላሽተሃልና ያው ወህኒ ነው።»

ዘበኞቹ ተጠጉ። ጠጋኙ በየትም ቢዞር መታሰሩ ነው። ካባውን አነሣና እጅ ነሣ።

«እሺ፣ አለብሰዋለሁ። ግን ጌታዬ፣ በዚህ አገር ካባ ያጠለቀ ሰው ሥራ ሲሠራ አይተው ያውቃሉ?»

እንግዶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፊታውራሪው የራሳቸውን ካባ ወደ ጉልበታቸው ሰብሰብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በል ተወው፤ እሱ ይሥራ» አሉ።