በር የሌለው ፓምፕ

አንድ የውሃ ፓምፕ ሠሪ ነበረ። ትርሲት፣ ጥያቄሽን ሸሽቼ አይደለም፤ ቆዪ፣ ስሚኝ።

ሰውየው እጁ የተባረከ ነበር። ፓምፑን ገጣጥሞ ሲጨርስ ዙሪያውን በብየዳ ይደፍነዋል። «የማያውቅ ሰው እንዳይነካካው ነው» ይላል። ክፋት አልነበረበትም። ሥራውን ከመውደዱ የተነሳ ሌላ እጅ ሲያርፍበት ማሰብ አይሆንለትም ነበር።

ከሁሉ አሳምሮ የሠራውን ወደ ተወለደበት መንደር ወስዶ ጉድጓድ ላይ ተከለው። እዚያ ታላቅ እህት ነበረችው፤ ከወንዝ ውሃ ስትሸከም ኖራ ወገቧ ያለቀ ሴት ናት። ፓምፑ ውሃ ሲያወጣ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ።

ከዓመታት በኋላ ሊጠይቃት ሄዶ ቤት አጣት። ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ዳገቱን ስትወጣ አገኛት። ሮጦ ሸክሟን ተቀበላትና «ፓምፑስ፣ እትዬ?» አላት።

«ውሃ መስጠት ካቆመ ቆየ።»

«ታዲያ ለምን አላስከፈታችሁትም?»

«በየት በኩል? አንተ የዘጋኸውን ማን ደፍሮ ይቁረጠው? ተበላሸ ብዬ መልእክት እንዳልልክብህም ቅር እንዳይልህ ፈራሁ።»

ሄዶ ቢያየው ፓምፑ ተወልውሎ፣ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። መንደሩ የሱን ሥራ አክብሮ ወንዝ ይወርዳል። ሰውየው የብረት መጋዝ ተውሶ የገዛ ብየዳውን ቆረጠ። ብረቱ በሙሉ ደህና ነው፤ ያለቀው ውስጡ ያለ አንድ የቆዳ ቀለበት ብቻ ነው። ከአሮጌ ጫማ ቆርጦ ተካው። ከዚያም ከተማ ወርዶ በቡሎን የሚዘጋ ክዳን ሠርቶ ተመለሰ። መፍቻውን በሰንሰለት እዚያው አንጠለጠለና የእህቱን እጅ ይዞ አፈታቱን አሳያት። ከዚያ ወዲያ ቆዳው ባለቀ ቁጥር የምትቀይረው እሷ ነበረች።

አንቺ ደግሞ «የምሠራው ማሽን ምድሪቱን እንዳይጎዳ የቱን ብረት ልምረጥ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስለ ብረቱ መጽሐፍሽ ይነግርሻል። እኔ የምነግርሽ፣ ከምንሠራው ነገር ሁሉ አንድ ቦታው ቀድሞ ያልቃል። ለዚያ ለሚያልቀው በር ካልተውንለት፣ ደህናውን ብረት አብረን እንጥልና ሌላ ፍለጋ ምድሪቱን እንደገና እንቆፍራለን። ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥሽውን ሥራሽን አይቼዋለሁ። ብየዳሽ ያምራል፤ እንዳንቺ የሚበይድ ተማሪ አላስተማርኩም። ግን ልጄ፣ ያቺ እህት በየት በኩል ትክፈተው?