የታንጉት አራተኛ ግድግዳ

ስሙኝማ! ቅናት ያለበት ሰው ይህን ተረት አይስማ ልል ነበር። ግን እንዲያ ካልኩ ለማን ላወራው ነው? ተቀመጡ ይልቅ።

ሾላ ምንጭ በምትባል መንደር ታንጉት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሁለት ክረምት ላስቲክ ዳስ ውስጥ ከርማ ሳሉ አልለቅ ብሏታል። ታዲያ ከታንዛኒያ ኔማ የምትባል ተማሪ፣ ትምህርት ሲዘጋ ለድሃ ቤት ልሥራ ብላ መጣች። ከመንደሩ ሰው ጋር ምሰሶ ተከለች፣ ማገር መታች፣ ቆርቆሮ አለበሰች፣ ሦስቱን ግድግዳ መረገች። አንዱ ቀረ። ዝናቡ ከማዶ ያጉረመርማል፤ እሷም እሑድ ወደ አገሯ ተሳፋሪ ናት። አሁን የፈለገችው ለአንድ ግድግዳ የሚበቃ ጭቃ ብቻ ነው።

«ጭቃ ሆይ፣ ግድግዳውን ያዝልኝ» አለችው።

ጭቃው አኮረፈ። «ለሦስቱ ግድግዳ ጭድ አስገብታችሁ ለእኔ ስትነፍጉ! እኔ ከማን አንሼ? ያለ ጭድ አልይዝም!»

ኔማ ወደ ጭዱ ሮጠች። «ጭድ ሆይ፣ ድረስልኝ! ጭቃው ያለ ጭድ አልይዝም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ ራቁቱን ቀረ፤ ዝናቡ ደግሞ መጣ!»

«ወንድሜ ጤፍ ገበያ የወረደው በአህያ ተጭኖ ነው» አለ ጭዱ። «እኔ በሰው ጀርባ ልሂድ? ዘመድ ምን ይለኛል! ያለ አህያ ንቅንቅ አልልም።»

ወደ አህያዋ ሮጠች። «እሜቴ አህያ፣ ድረሺልኝ! ጭዱ ያለ አህያ አልሄድም አለ፤ ጭቃው ያለ ጭድ አልይዝም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ ራቁቱን ቀረ፤ ዝናቡ ደግሞ መጣ!»

አህያዋ ጆሮዋን ጣለች። «በቅሎዋ በባልዲ ትጠጣለች፣ እኔ ከኩሬ እልሳለሁ። አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት የምትለዋ እኮ ናት! በባልዲ ካላጠጣሽኝ አልጫንም።»

ደህና ባልዲ ያለው የታንጉት ጎረቤት ድንቄ ቤት ነው። ድንቄ ባልዲዋን ደፍታ በራፏ ላይ ተቀምጣበታለች።

«እትዬ ድንቄ፣ ባልዲዎን ያውሱኝ!» አለች ኔማ እያለከለከች። «አህያዋ ያለ ባልዲ አልጫንም አለች፤ ጭዱ ያለ አህያ አልሄድም አለ፤ ጭቃው ያለ ጭድ አልይዝም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ ራቁቱን ቀረ፤ ዝናቡ ደግሞ መጣ!»

«አልሰጥም።»

«ምነው እትዬ?»

«ምነው ትላለች ደግሞ! ከታንጉት እጅ ሦስቴ ጎረስሽ። ከእኔ እጅ አንዴ ጎርሰሽ ጠገብኩ አልሽ። አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ያንቺ አገር አይታወቅም?» ድንቄ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልጄ ቤሩት ከሄደች አራት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ፣ ካንቺ አንድ ጉርሻ በቀር፣ ከእጄ የጎረሰ ሰው የለም። ታንጉት ምን ስለሆነች ነው ሴት ልጅ ከሰው አገር የምትመጣላት? ቀናሁ! ቀናሁ አልኩሽ፤ ምን ታመጪ!»

ኔማ ይህን አላወቀችም ነበር። የእጇን ጭቃ ታጠበች፣ ድንቄ እግር ሥር ቁጢጥ አለች፣ አፏን ከፈተች።

ድንቄ ከባልዲው ተነሳች። እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ደገመች፤ ሠለሰች። አራተኛውን ስታጎርሳት «እሰይ! ታንጉትን በለጥኳት!» አለች። የኔማ ጉንጭ ሊፈነዳ ደረሰ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ባልዲው አህያዋን አጠጣ፤ አህያዋ ጭዱን ጫነች፤ ጭዱ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ጭቃው ግድግዳውን ያዘ፤ ዝናቡ መጣና ውጭ ቀረ!

ቅዳሜ ድንቄ ምግብ ይዛ ቤት ለመመረቅ መጣች። መንደሩ ሁሉ ይስቃል፤ ታንጉት ግን ጥግ ይዛ ፊቷን አጥቁራለች።

«አንቺ፣ ምነው? ቤት ገባሽ፤ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» አለቻት ድንቄ።

«ለእሷ አራት!» አለች ታንጉት። «ሃያ ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ። እኔን መች አጉርሰሽኝ ታውቂያለሽ?»

ድንቄ እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠችና እንጀራውን ቆረሰች።

«ክፈቺ አፍሽን» አለቻት። አንድ አጎረሰቻት። ከዚያም ቶሎ ብላ፣ እንዳይጣሉ፣ ሁለተኛውን።